ጦጢት ከውርጌሳ

ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ሽኝት አደረጉልኝ። አንዱ መምህር ተነሥቶ «ወይዘሮ ወርቅነሽ በሥራቸው ደፋር ነበሩ» ሲል የምጠጣው ለስላሳ ትን አለኝ። ሰውዬው ክፉ አላሰበም፤ በሽኝት ቀን የሚባለውን ነው ያለው። እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት በቤተ ሙከራ ስሠራ አንድ ቀን እንኳ ደፋር ሆኜ አላውቅም። አሲድ እፈራለሁ። ርዕሰ መምህር እፈራለሁ። ግምገማ የሚለውን ቃል እፈራለሁ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጠርሙስ እፈራ ነበር፤ ይህንንም የምጽፈው ስለዚያ ጠርሙስ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ወሎ ውስጥ ሲሪንቃ ነው። እርሻ ምርምሩ ውስጥ የቀን ሠራተኛ ሆኜ የማሽላ ዘር እቆጥር ነበር። መቶ መቶ ፍሬ በወረንጦ እየለቀሙ በትንንሽ ከረጢት መክተት ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ጣቴ እንደማይንቀጠቀጥ ያወቅኩት እዚያ ነው። ልቤን አትጠይቁኝ፤ ጣቴ ግን እርጉ ነበር። መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ዓመት መርሳ ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰምቼ ተወዳደርኩ። የፈተኑኝ የባዮሎጂ መምህርና የቤተ ሙከራው ኃላፊ የሆኑት ጋሽ ሰይድ ነበሩ። የጽሑፍ ፈተና አልሰጡኝም። አንድ የደረቀ ቅጠልና መቀስ ሰጡኝና «ቅጠሉን ሳትሰብሪ ጠርዙን ቁረጪልኝ» አሉኝ። ቆረጥኩ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩትና «ነገ ነይ» አሉ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ የቤት ኪራይ ከፍዬ ለሽሮ ይተርፈኛል።

ጋሽ ሰይድ ደሴ መሐል ከተማ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ኪሱ ሦስት ቦታ የተጣፈ ነጭ ጋዋን የሚለብሱ። ተማሪ ሲያጠፋ አይቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ሲወለውሉ ልጁ ራሱ አላስችል ብሎት ይቅርታ ይጠይቃል። ማንኛውንም ናሙና ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠቡና፣ እንቁራሪትም ይሁን አንበጣ፣ ጎንበስ ብለው «አፉ በለኝ» ይሉታል። አፉ በለኝ ማለት ይቅር በለኝ ማለት ነው፤ ሙስሊሙ ይለዋል፣ ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ይገባዋል። መጀመሪያ ሰሞን ሳቄን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ እዞር ነበር። እሳቸው ቀና ሳይሉ «ሳቂ፣ ሳቂ» ይሉኛል። «አንቺን ግን ጠርሙስ ውስጥ ቢያስቀምጡሽ፣ የሚከፍትሽ ሰው ምንም ሳይልሽ ቢከፍትሽ ደስ ይልሻል?»

መደርደሪያችን ላይ ከጄሶ የተሠሩ ሦስት አንጎሎች ነበሩ፤ የአዋቂ ሰው፣ የጎሪላና የቺምፓንዚ። ከውጭ በእርዳታ የመጡ ናቸው። ከእነሱ ጎን ግን ጄሶ ያልሆነ፣ ፎርማሊን ውስጥ የተቀመጠ እውነተኛ አንጎል ነበር። በረሃቡ ዘመን ከመርሳ ወጣ ብሎ በድንኳን ተከፍቶ የነበረ አንድ የእርዳታ ሐኪም ቤት ሲዘጋ፣ ከአልጋና ከሚዛን ጋር ለትምህርት ቤቱ የተረፈ ነው። የጠርሙሱ አንገት ላይ በክር የታሰረች ትንሽ ካርቶን ነበረች። በሰማያዊ ብዕር ሁለት ቃል ብቻ ተጽፎባታል፦ «ጦጢት፣ ውርጌሳ»። የንብረት መዝገቡም «የጦጣ አንጎል፣ አንድ» ይላል። ተማሪዎቹ ይወዷት ነበር። ገና በሩን ሲከፍቱ «ጦጢትን አሳዩን» ይላሉ።

እኛ በአማርኛ ጦጣ እንላለን፣ ዝንጀሮ እንላለን፣ ጉሬዛ እንላለን። እነዚያ ጅራት የሌላቸው ትልልቆቹ ግን አገራችን ውስጥ ስለሌሉ የራሳችን ስም አላወጣንላቸውም። ቺምፓንዚውንም ተማሪው ጦጣ ነው የሚለው። የጠርሙሱ አንጎል በመጠኑ ከቺምፓንዚው ጄሶ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ከእኛ በፊት የነበሩት መምህራን «ፈረንጁ ሐኪም ያመጣው ቺምፓንዚ ነው፤ ጸሐፊው ጦጢት ብሎ ጻፈው» ብለው አልፈውታል። ውርጌሳ በደሴ መንገድ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ስሟን ግን ማንም ነገሬ አላለውም። ጋሽ ሰይድን ግን እረፍት ይነሳቸው ነበር።

«ውርጌሳ ጦጣ ሞልቷል» ይላሉ። «የውርጌሳ ጦጣ አንጎል ግን ቡጢዬ ውስጥ ይገባል። ይህ አይገባም። ቺምፓንዚ ከሆነ ደግሞ ውርጌሳ ምን ይሠራል? የደሴ አውቶቡስ ሊጠብቅ ነው?»

ከሚያስተምሩት ሁሉ የሚወዱት የአንጎልን እጥፋት ነበር። አንድ ትልቅ ወረቀት ያነሡና «ይህ በዚህ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ እንዴት ይገባል?» ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ ወረቀቱን ጨምድደው ይከቱታል። «አያችሁ? ወረቀቱ አላነሰም። ታጠፈ እንጂ።» ቀጥለው የሰውንና የቺምፓንዚውን ጄሶ ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። በእጥፋቶቹ መካከል ያሉት ዋና ዋና ቦዮች ሁለቱም ላይ አሉ፤ በጎን በኩል ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅሙም፣ ከአናት ወደ ታች የሚወርደውም። ጎሪላውም ላይ አሉ። ይህን ሲያዩ አንዳንዶቹ ተማሪዎች ይከፋቸዋል። ልዩነቱ ያለው በቦዮቹ መካከል ነው። የሰው በትልቁ ቦይና በትልቁ ቦይ መካከል ሌላ ትንሽ ቦይ፣ በዚያ መካከል ደግሞ ሌላ ያወጣል። ይጣመማል፣ ይቆራረጣል፣ ግራና ቀኙ ብዙ አይመሳሰልም። የቺምፓንዚው ረጋ ያለ ነው፤ አንዱን ጎን ካየህ ሌላውን መገመት አይከብድህም። ከኋላ በኩል ደግሞ ቺምፓንዚው ላይ እንደ ማጭድ የጎበጠ ጉልህ ቦይ አለ። ጋሽ ሰይድ «ሂላል» ይሉታል፣ አዲስ የወጣች ጨረቃ ማለታቸው ነው። የሰው ጄሶ ላይ እሱ የለም።

የእኔ ሥራ ክር ማስተኛት ነበር። ነጭ የጥጥ ክር በውኃ ያርሱና በወረንጦ ጫፍ እየገፉ ቦዩ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስተኙታል። ቦዩ በጎበጠበት ይጎብጣል፣ በጠለቀበት ይጠልቃል። ከዚያ ቆርጦ ማውጣትና በማስመሪያ መለካት ነው። ከቸኮሉ ክሩ ያመልጣል፤ ትንፋሽ መያዝ ያስፈልጋል። የተለካውን ክር ካርቶን ላይ ለጥፈን ከጎኑ ስሙን እንጽፋለን፦ ሰው፣ ጎሪላ፣ ቺምፓንዚ። ጋሽ ሰይድ ሁልጊዜ ክሩን ከማንሣቴ በፊት «መጀመሪያ እይው» ይሉኛል። ካየሁት በኋላ ደግሞ «አሁን ደግመሽ እይው» ይላሉ። ይህን ልማዳቸውን ወርሻለሁ፤ ዛሬ ሽንኩርት ስገዛ እንኳ ነጋዴው እስኪሰለቸው ድረስ አገላብጣለሁ።

ጦጢትን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጠርሙሷ ያወጣናት ፎርማሊኑ ጠቁሮ መቀየር ሲኖርበት ነው። አንድ ቀን ሙሉ ውኃ ስናፈስባት ቆየን። በማግስቱ ጋሽ ሰይድ ታጥበው «አፉ በይኝ» አሏትና ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጧት። እኔ ክሬን አራስኩ።

«ከሂላሉ ጀምሪ» አሉኝ።

ፈለግኩት። አጣሁት። «የለም፣ ጋሽ ሰይድ።»

«ደግመሽ እይው።»

«ደግሜ አየሁ። የለም።»

«በሌላው ጎንስ?»

እዚያም የለም። ከዚያ ከጎን ያለውን ረጅሙን ቦይ ግራና ቀኝ አስለኩኝ። ሁለቱ ክሮች እኩል አልመጡም። ግንባሩ አካባቢ፣ ዝቅ ብሎ ያለውን ቦታ በእርሳስ ጫፍ አሳዩኝ፤ የቺምፓንዚው እዚያ ጋ ቀለል ያለ ነው፣ ይህ ግን ተጣጥፏል። ጋሽ ሰይድ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ግን አልወለወሉትም።

«እጥፋቱ ከአዋቂው ሰው ጄሶ ያነሰ ነው» አሉ። «ይህ ነው ሁላችንንም ያታለለን። ያነሰው ግን ጦጣ ስለሆነች አይደለም፣ ወርቄ። ገና ስላልጨረሰች ነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ክው አልኩ። ወረንጦው ከእጄ ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ጮኸ፤ እኔም አብሬው ጮኽኩ። ያን ያህል ጊዜ አቧራዋን የጠረግኩላት፣ ተማሪ እየከበባት የሚስቅባት፣ ሕፃን ናት። እጄን ታጠብኩ። ደግሜ ታጠብኩ። ጋሽ ሰይድ ጎንበስ ብለው «አፉ በይኝ» ሲሏት ሰማሁ፤ ያን ቀን አልሳቅኩም።

ሰው ከሆነች ታዲያ ለምን ጦጢት ተባለች? ይህን ሁለታችንም መመለስ አቃተን። ሁለት ሳምንት ያህል እንዳለፈ ከደሴ የቤተ ሙከራ ዕቃ ይዤ ስመለስ መኪናው ውርጌሳ ላይ ቆመ። አንዲት ሴት ወደ አስፋልቱ የምትሮጥ ሕፃን ልጇን «ጦጢት! ኧረ ጦጢት፣ መኪና!» ብላ ስትጠራ ሰማሁ። እንዴት ከመኪናው እንደወረድኩ አላውቅም።

«እህቴ፣ ልጅቷን ለምን ጦጢት አልሻት?»

«አይ፣ ስሟስ ሌላ ነው» አለች ልጇን ወደ ላይ እያነሣች። «ሦስት ሞተውብኝ ነው የወለድኋት። ሞት እንዲንቃት ብየ ነው። ጦጣ ናት ብሎ ይለፋት። በኛ አገር የሞተባት ሴት እንዲህ ታደርጋለች።»

«ሞት ይንቃታል?»

«የኔዋን ይሄው ንቋታል፣ አልሐምዱሊላህ። የእማማ ሰዓዳ ጦጢት ናት ያልቀናት። በድንኳኑ ጊዜ ሐኪሞቹ ጋ ወስደዋት እዚያው ሞተችባቸው። አርባ ቀኗም አልሞላ ነበር።» በአገጯ የመንገዱን ማዶ አመለከተችኝ። አንዲት ቀጠን ያሉ ሴትዮ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይለቅማሉ፣ የበሰበሰውን ወደ አንድ ጎን፣ ደኅናውን ወደ ሌላው።

ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ። ገባሁ። እማማ ሰዓዳን ሳላነጋግር መርሳ ደረስኩ።

ለጋሽ ሰይድ ነገርኳቸው። አልዘገዩም፤ በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩ ማመልከቻ ጻፉ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የሰው ልጅ እንደሆነ፣ እናቷ በሕይወት እንዳሉ፣ ተጠርተው እንዲረከቡ። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን እያነበበ ላብ አጠመቀው። እሱም እንደ እኔ ፈሪ ነበር፤ ልዩነታችን እሱ ማኅተም መያዙ ነው።

«ምርጫ እየደረሰ ነው፣ ጋሽ ሰይድ። የሰው ሕፃን በጠርሙስ ይዘናል ብለን ሕዝብ እናስነሣ?»

«እናቷን እንጥራ ነው ያልኩት። ሕዝብ እንጥራ አላልኩም» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ከዚያ ግምገማው መጣ። አዳራሹ ውስጥ መምህሩ፣ ዘበኛው፣ የጽዳት ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቧል። ከበላይ የተላከ ካድሬ መሐል ተቀምጦ ደብተሩን ገልጧል። የዚያን ዘመን ግምገማ ያየ ያውቀዋል፦ ማንም ዝም ማለት አይችልም፣ የሚናገረውም ተራው እንዳይደርስ ሌላውን ይናገራል። የጋሽ ሰይድ ተራ ሲደርስ አንዱ «ሰውን ከዝንጀሮ ጋር እያመሳሰሉ ያስተምራሉ» አለ። ሌላው «የትምህርት ቤቱን ስም ለማጥፋት ወሬ ይፈጥራሉ» አለ። ጋሽ ሰይድ ተነሥተው ያዩትን ተናገሩ፤ ስለ ሂላሉ፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ስሙ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። በመጨረሻ «ወርቅነሽ ራሷ ለክታለች፤ ጠይቋት» አሉ።

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ ወርቅነሽ፣ አንቺ ቴክኒሻኗ ነሽ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

የወንበሩን ጀርባ ይዤ ነው የቆምኩት። እናቴን አሰብኩ፣ ሥራዬን አሰብኩ፣ ከሥራ ተባረው የቀሩትን ሰዎች አሰብኩ። ጋሽ ሰይድ ያዩኛል። ቅጠል እንደሰጡኝ ቀን፣ በእርጋታ ነው የሚያዩኝ።

«መዝገቡ የሚለው የጦጣ አንጎል ነው» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። መዝገቡ እንደዚያ ነው የሚለው። በሕይወቴ ከተናገርኩት ውሸት ሁሉ ግን የባሰው ያ እውነት ነው። ካድሬው ጻፈ። ተቀመጥኩ።

በወሩ ጋሽ ሰይድ ወደ ሐራ ተዛወሩ። ዕቃቸውን ሲሸክፉ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ክሮቹ የተለጠፉበትን ካርቶን አውጥተው ሰጡኝ። ሰው፣ ጎሪላ፣ ቺምፓንዚ ተብሎ ተጽፏል። ከታች አራተኛ ክር አለ፤ ከጎኑ ምንም አልተጻፈም።

«ይችን የለካሻት አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ስሟንም የምትጽፊው አንቺ ነሽ።»

«አፉ በሉኝ» ልላቸው ፈልጌ ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማረፋቸውን ሰምቼ ሐራ ለቅሶ ሄድኩ። ባለቤታቸው እጄን ይዘው «ሰይድ ስላንቺ ሲያነሣ ጣቷ እርጉ ነው ይል ነበር» ሲሉኝ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ።

ከግምገማው በኋላ ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አንሥቼ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከኋላ፣ ከአሮጌ ካርታዎች ሥር አስገባሁት። ማየት ፈራሁ። አዲሶቹ መምህራን ሲጠይቁኝ ፎርማሊን አልቋል እላለሁ። የባሰው ግን የገበያ ቀን ነበር። እማማ ሰዓዳ ከውርጌሳ ብርቱካን ይዘው መርሳ ገበያ ይመጣሉ። ላልሄድ እምላለሁ፤ እግሬ ግን እዚያው ይወስደኛል። ሊነግረኝ የሚችል ነገር ያለ ይመስል ፊታቸውን አያለሁ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ከቤቴ እወጣለሁ፣ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዤ እመለሳለሁ። «የብርቱካን ደንበኛየ» ይሉኛል፤ ሁልጊዜ አንድ ይመርቁልኛል። ያችን የተመረቀችውን በልቼ አላውቅም። ከዓመት ዓመት ጀርባቸው ሲጎብጥ፣ ዓይናቸው ሲደክም አየሁ። ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ሁለት ነገር ነው፦ መንገሩንም፣ ሳልነግራቸው መሞታቸውንም።

በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት የቤተ ሙከራው ዕቃ ወልድያ ወዳለ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወር እኔም አብሬ ተዛወርኩ። ጠርሙሱን በጉልበቴ መሐል ይዤ ነው የሄድኩት። ጡረታዬ ሲደርስ ርክክብ ተደረገ። ተረካቢዋ ማርታ የምትባል ቀልጣፋ ሴት ናት፤ እያንዳንዱን ዕቃ እየነካች ከመዝገቡ ታነባለች፣ ርዕሰ መምህሩ አጠገባችን ቆሞ ስልኩን ይነካካል።

«የጦጣ አንጎል፣ አንድ» አለች ማርታ።

እስክሪብቶ እጄ ላይ ነው። ከፈረምኩ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ጠርሙሱ የማርታ ነው፣ ፍርሃቱም የእሷ።

«ጦጣ አይደለችም» አልኩ። «ሰው ናት። እናቷን አውቃቸዋለሁ።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ሰማይ ይደፋል ብዬ ጠበቅኩ። ማርታ አፏን በእጇ ያዘች። ርዕሰ መምህሩ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ታዲያ ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ እስካሁን ለምን ዝም አሉ?» አለ። በሦስተኛው ቀን ለእናቷ እንድትሰጥ የሚል ወረቀት ጽፎ ፈረመልኝ። ያን ያህል ዘመን ያስፈራኝ ነገር በሦስት ቀን አለቀ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የደስታ አልነበረም።

እንደ ጋሽ ሰይድ አንድ ቀን ሙሉ ውኃ አፈሰስኩባት። በአዲስ አቡጀዲ ጠቅልዬ፣ በትንሽ የካርቶን ሣጥን አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሲሪንቃን አለፍን፣ መርሳን አለፍን። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው አፍንጫውን ይዞ «ምን ይሆን እንዲህ የሚሸተው?» ሲል «መድኃኒት ነው» አልኩት። እማማ ሰዓዳ ሞተው ቢሆንስ? በሕይወት ኖረው ጮኸው ጎረቤት ቢያስነሡብኝስ? ከሁለቱ የትኛውን አብዝቼ እንደፈራሁ እስካሁን አላውቅም።

በሕይወት ነበሩ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ዓይናቸው ፈዟል። ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «የብርቱካን ደንበኛየ! ኧረ በነቢ፣ ከየት ተገኘሽ? ግቢ፣ ግቢ።»

አልገባሁም። ሣጥኑን እንዳቀፍኩ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ግምገማውን፣ የገበያውን ቀን፣ ሁሉንም። ሳላቋርጥ ነው የተናገርኩት፤ ካቋረጥኩ እንደማልቀጥል አውቃለሁ። አልጮኹም። እጃቸው ብቻ ሻርፓቸውን ይፈትላል።

«ሬሳዋን ራሷን በፋሻ ጠቅልለው ነው የሰጡኝ» አሉ በመጨረሻ። «ልፈታው እጄን ሰደድሁ፤ መልሼ ሰበሰብሁት። ፈራሁ፣ ልጄ። ምን እንደማይ ፈራሁ። እንደታሰረች ቀበርናት።» ወደ ሣጥኑ ዞሩ። «ያለችበት ቤት ብርሃን ነበረው? ኩራዝ ካላበራሁላት አትተኛልኝም ነበር።»

ውሸቱ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ትልቅ መስኮት ነበረው ልል ነበር።

«ጨለማ ነበር፣ እማማ። ቁም ሣጥን ውስጥ ነበረች። ያስገባኋትም እኔ ነኝ። ማየት ፈርቼ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ምን ትሏት ነበር?»

«ጦጢት። ተማሪዎቹም ሁሉ ጦጢት ነበር የሚሏት።»

የሻርፓቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። እያለቀሱ መሰለኝ፤ ግን ሳቅም ነበረበት። «ሞትን ላታልልበት ያወጣሁት ስም እናንተን አታለለ!» አሉ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ በዚያ ግቢ ከእኔና ከእሳቸው ሌላ ማንም አልነበረም።

«አንቺ አይተሻታል። እኔ ያላየሁትን አይተሻል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትዋሽኝ። እዚህ መንደር የሚሉት አለ። ጦጢት ብላ ስለጠራቻት አላህ ተቆጥቶ ጦጣ አደረጋት ይላሉ። ራሷንም ሐኪሞቹ የከፈቱት የሰው አልመስል ቢላቸው ነው ይላሉ። ባወጣሁላት ስም፣ በገዛ አፌ አጠፋኋት ወይ እያልሁ ነው የኖርሁት። ምን ነበረች ልጄ?»

ያን ጥያቄ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ተጠይቄዋለሁ፤ ወንበር ይዤ ቆሜ፣ ሰው ሞልቶ።

«ሰው ናት፣ እማማ» አልኩ። «ክር አስተኝቼ በእጄ ለክቻታለሁ። ጦጣ ላይ ያለው ቦይ እሷ ላይ የለም። የሰው የሆነው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል፤ ጦጣ የሚያሰኛት ምንም የለም። ትንሽ ስለነበረች ነው እንጂ ቢቆይላት የቀረውን ታወጣው ነበር።»

«ሙሉ ነበረች?»

«ሙሉ ነበረች።»

ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ያን ያህል ዘመን ይዘውት የኖሩት ትንፋሽ ይመስላል። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ደጋግመው። የጎረቤት ሴት ድምፃቸውን ሰምታ መጣች፤ ለቀብሯ ሼኹን እንድትጠራ ላኳት።

እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ ክሮቹ የተለጠፉበትን የጋሽ ሰይድን ካርቶን አወጣሁ። ክሮቹ ቢጫ ሆነዋል።

«እውነተኛ ስሟ ማን ነበር፣ እማማ?»

«ሐያት» አሉ። ሐያት ሕይወት ማለት እንደሆነ ሊነግሩኝ አላስፈለገም። «ጮክ ብዬ ጠርቻት አላውቅም። ሞት እንዳይሰማ።»

ከአራተኛው ክር ጎን ጻፍኩት። ከዚያ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «አፉ በሉኝ፣ እማማ።»

ጭንቅላቴ ላይ እጃቸው ሲያርፍ ተሰማኝ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ። «የኔን አፉ ብየሻለሁ። የሷን ግን እኔ አልመልስልሽም። እሷን ጠይቂያት።»

ከግቢው ውጭ ሼኹና ሰዎቹ ሲመጡ ይሰማል። ደጁ ላይ ካለው እንስራ ውኃ ቀድቼ እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩ። አቡጀዲውን ከሣጥኑ አውጥቼ አጠገቡ ተንበረከክኩና ጎንበስ አልኩ። ስሟን ጮክ ብዬ ጠራሁ።

«ሐያት» አልኳት፣ «አፉ በይኝ።»